ለመንዝ ጓሳ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምክር ለግሱኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ፎቶ ማንሳት በጣም እወዳለሁ፤ እስካሁን ግን የማነሳው በስልክ ነበር። በቅርቡ መንዝ ጓሳ ወጥቼ ጭላዳዎቹን እንደ ልቤ አነሳኋቸው። ቀይ ቀበሮዋ ግን ከሩቅ ነው የታየችኝ። በስልኩ ሳቀርባት ቀይ ነጥብ ብቻ ሆነች። እንዴት እንደቆጨኝ!

አሁን ያገለገለ ካሜራ ለመግዛት ብር አጠራቅሜያለሁ። ኒኮን ዲ7500 እና ካኖን 90ዲ ላይ ግን መወሰን አቃተኝ። ኒኮኑ 20.9 ሜጋፒክስል ነው፣ ካኖኑ 32.5። ሩቅ ያለን እንስሳ ቆርጦ ለማጉላት የካኖኑ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። እኔ የምወጣው ግን ማለዳ ነው፤ ጉም አለ፣ ብርሃኑም ደካማ ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ሲል ምስሉ ብዙም የማይሻክረው የቱ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሌንሱ ነው። የሁለቱም ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ኒኮኑ ላይ እንደ 450 ያቀርባል። ለቀበሮ ይበቃል? ወይስ ረከስ ያለ ካሜራ ይዤ በተረፈው ብር ረዘም ያለ ሌንስ ልግዛ? ያገለገለ ስገዛስ ከሹተር ቁጥሩ (እስካሁን ካነሳው ፎቶ ብዛት) ሌላ ምን ልፈትሽ? ሞክራችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።