የጨረታ ዋዝ ገዝቼ ታርጋ ማውጣት አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቤቴ የሚያስገባው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ጠዋት ጠዋት ወተት ለማድረስ ብዬ ከሠራዊቱ በጨረታ የወጣ ዋዝ 469 የሚባል የሩሲያ ጂፕ ከአንድ ሰው ገዛሁ። በመኪናው አልተከፋሁም። የወታደሩ ዓይነት ስለሆነ ጎማዎቹ ጋ ከፍ የሚያደርገው ተጨማሪ ጥርስ (ማርሽ) አለው፤ ሆዱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ጭቃው አይነካውም።

ያስጨነቀኝ ወረቀቱ ነው። ሻጩ የሰጠኝ የጨረታውን ደረሰኝና የሽያጭ ውላችንን ብቻ ነው። ለምርመራ ስወስደው የሻንሲው ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ገጠመ፣ የሞተሩ ግን አልገጠመም። ማታ በባትሪ መብራት አረንጓዴውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፍቄ አየሁት፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ፈጽሞ ሌላ ናቸው። ምናልባት ገና በሠራዊቱ ጋራዥ ሳለ ሞተሩ ተቀይሮ ይሆናል። ሻጩ «እኔም እንዲሁ ነው የተረከብኩት» ከማለት በቀር መልስ የለውም። መኪናው ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ሦስት ወር ሆነው፤ ወተቱ በአህያ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ መኪና በስማችሁ ያዞራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የሞተር ለውጥ ማስረጃውን ከማን አገኛችሁ? ሊብሬው መጀመሪያ በጨረታው አሸናፊ ስም መውጣት አለበት ወይስ በቀጥታ ወደ እኔ ይዛወራል? መኪናው ወደ አገር ሲገባ ከቀረጥ ነጻ ከነበረስ ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው? ሻጩ ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ስለሆነ ውክልና ማስፈረም ካለብኝ በዚህ ሳምንት ማወቅ አለብኝ።