ሁለት ጥንድ ስፒከር፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ የሚጠፋ ግራ ቻናል፦ ከየት ልጀምር?

ባለ ሸክላው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ነው፤ በ8 ኦም ለያንዳንዱ ቻናል 60 ዋት ይላል። ከጀርባው፣ የስፒከር ማሰሪያዎቹ አጠገብ «ኤ ወይም ቢ፦ ከ4 እስከ 16 ኦም። ኤ+ቢ፦ ከ8 እስከ 16 ኦም» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ጥንድ ስፒከር አለኝ፤ አንዱ 6 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው 87 ዴሲቤል፣ ሌላው 8 ኦም። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። ሽቦው እስከ ግራው ስፒከር 3 ሜትር፣ እስከ ቀኙ ግድግዳውን ተከትሎ 7 ሜትር ይሄዳል።

ሁለቱን ጥንድ ባንድ ጊዜ ማጫወት ይቻላል? ምን ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ ልግዛ? የሸክላ ማጫወቻውን «ኦክስ» ላይ ስሰካው ድምፁ ቀጭንና ደካማ ነው፣ ከሥሩም «እምምም» የሚል አለ። ማጫወቻው ከኋላው «ፎኖ/ላይን» የሚል ማንሸራተቻ አለው፣ አሁን ፎኖ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ያለው ኦፕቲካል መውጫ ብቻ ሲሆን አምፑ ደግሞ ኦፕቲካል መግቢያ የለውም። የመጨረሻው፦ ቮልዩም ዝቅ ሲል ግራው ቻናል ይሻክራል ወይም ይጠፋል፤ ከፍ ሲደረግ ባንዴ ይመለስና ደህና ይሠራል። ቴስተርና ካውያ አለኝ።

ዋት ቆጣሪ

የመጀመሪያውን ጥያቄህን ከጀርባው ያለው ጽሑፍ መልሶታል። ኤ እና ቢ አብረው ሲበሩ በአብዛኛው አምፕ ሁለቱ ጥንድ በፓራሌል (ጎን ለጎን) ይያያዛሉ። ሁለት 8 ኦም በፓራሌል 4 ኦም ይሆናል፤ ፋብሪካው «ኤ+ቢ ከ8 ጀምሮ» ያለው አምፑ ከ4 ኦም በታች እንዳያይ ነው። ያንተ 6 እና 8 ሲያያዙ 48 ለ14 ተካፍሎ 3.4 ኦም ግድም ይመጣል። በዚያ ላይ ስፒከሩ ላይ የተጻፈው ኦም (ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም) ስመ ልክ ነው፤ 6 ኦም የተባለው በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ 4 ኦም አካባቢ ሊወርድ ይችላል።

ዝቅ ባለ ድምፅ ችግሩ አይታይም፣ ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። ድምፁ ሲጨምር የውጤት ትራንዚስተሮቹ ከአቅማቸው በላይ ከረንት ያሳልፋሉ፣ አምፑ ይግላል፣ ፕሮቴክሽኑ (የአምፑ መከላከያ) ስፒከሩን የሚያገናኘውን ማብሪያ፣ ሪሌውን፣ ያቋርጣል። ፕሮቴክሽኑ ከዘገየ ትራንዚስተሩ ሾርት ይሆንና ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ከረንት) ወደ ስፒከሩ ይለቃል፤ ያኔ ዉፈሩም (የባሱ ስፒከር) አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ወይ ኤ ወይ ቢ። 6 ኦሙን ኤ ላይ፣ 8 ኦሙን ቢ ላይ አስረህ በማብሪያው እየቀያየርክ ስማ።

በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትለህ) እሰራቸው የሚል ሰው አይጠፋም፤ 14 ኦም ስለሚሆን አምፑን አይጎዳውም። ግን የእያንዳንዱ ስፒከር ኦም ከፍሪኩዌንሲው ጋር ስለሚለዋወጥ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያዛባል። እኔ አላደርገውም።

60 ዋት ያንሰኝ ይሆን ብለህ ካሰብክ አያንስህም። 87 ዴሲቤል ማለት በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ነው። ዋቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ 60 ዋት ላይ ስትደርስ 105 አካባቢ ነህ። የቮልዩሙ ቁልፍ መሀል ላይ ሲሆን ግማሽ ኃይል ነው ማለትም አይደለም፤ ጠንካራ ምልክት ከሚልክ መሣሪያ ጋር አምፑ መሀል ላይ ሳለ ጣራው ሊደርስ ይችላል። ድምፁ መሻከርና መጨናነቅ ከጀመረ ወዲያው ቀንስ። ክሊፕ የሚያደርግ (ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ የድምፁን ጫፍ የሚቆርጥ) አምፕ ረጅም ጊዜ ከተሠራበት ቀድሞ የሚቃጠለው ትዊተሩ (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩ) ነው፣ አምፑ ትንሽ ቢሆንም እንኳ።

ሽቦ ጎታች

ወደ ሽቦው። 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ በሜትር 0.017 ኦም ነው። ለ7 ሜትር የሚቆጠረው ደርሶ መልሱ፣ 14 ሜትር ነው። በ0.75 ካሬ 0.32 ኦም፣ በ1.5 ካሬ 0.16፣ በ2.5 ካሬ 0.1 ኦም ይመጣል። የሽቦው ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል፤ ላንተ ለ6 ኦም 0.3 ማለት ነው። 0.75 ወድቋል፣ 1.5 በደንብ ይበቃል፣ 2.5 ብትገዛም አይጎዳህም። ከዚያ በላይ የምታወጣው ገንዘብ የሚሰማ ነገር አይጨምርልህም።

ስትገዛ አንዱን ክር በቢላ ፋቅ አድርገው። ላዩ መዳብ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ሬዚስታንሱ ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ ወይ ተወው ወይ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ውሰድ። ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነውና አትፍራው።

አስተሳሰሩ፦ አምፑን ከሶኬት ንቀል። ጫፉን ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ላጥ፣ ክሮቹን ጠምዝዛቸው፣ አንድም ክር ወደ ውጭ እንዳይቀር። ወደ ጎረቤቱ ማሰሪያ የምትነካ አንዲት ክር ሾርት ናት፤ «አምፑ በርቶ ወዲያው ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የምመለከተው እሷን ነው። ቀይ ወደ ቀይ፣ ጥቁር ወደ ጥቁር። ሽቦው ላይ ቀለም ከሌለ በአንዱ ጎኑ መስመር ወይም ጽሑፍ ይኖረዋል፣ እሱን ሁሌ ፕላስ አድርገው። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ግን ባሱ ይጠፋል፣ መሀል ላይ መቆም ያለበት የዘፋኙ ድምፅም ይበተናል። ከተጠራጠርክ ሽቦውን ከአምፑ ፈትተህ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ንካበት፦ ፕላሱ ከፕላስ ጋር ሲገናኝ ዉፈሩ ወደ ውጭ ይወጣል።

ስቴሪዮ ብቻ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለቱንም ሽቦ 7 ሜትር አድርገህ ቁረጥ። አለዚያ ግራው ቀድሞ ይደርሳል።

ሽቦ ጎታች

@ስቴሪዮ ብቻ፣ አይደርስም። በሽቦ ውስጥ ያለው ምልክት የብርሃንን ፍጥነት የሚጠጋ ነው፤ የ4 ሜትር ልዩነት የሚያመጣው መዘግየት ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ከአሥር እስከ ሃያ ያህሉ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ለመሄድ ከዚያ በሺህ እጥፍ የሚቆጠር ጊዜ ይወስድበታል። በኃይልም ቢሆን በ1.5 ካሬ የ3 እና የ7 ሜትር ልዩነት 0.13 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ አይለየውም። ሽቦውን በሚያስፈልገው ልክ ቆርጦ የስፒከሮቹን አቀማመጥ ማስተካከል ይሻላል፦ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ መቀመጫው ያለው እኩል ይሁን፣ ትዊተሩ ከጆሮ ጋር ይስተካከል፣ ከኋላ ግድግዳ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ይራቅ። ባሱ ከበዛ ትንሽ አርቀው፣ ካነሰ አስጠጋው።

ክር አንባቢ

የሸክላውን እኔ ልውሰደው። የሲዲ ማጫወቻ ሙሉ ድምፅ 2 ቮልት ያህል ነው፤ የተለመደው ባለ ማግኔት የሸክላ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ግን ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ይሰጣል። ሸክላ ሲቀረጽ ደግሞ ባሱ በጣም ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጎላል፤ በዳርና ዳሩ (20 እና 20,000 ኸርዝ ላይ) ከመሀሉ ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 ዴሲቤል ይጠጋል። ይህን ገልብጦ የሚያስተካክለው ፎኖ መግቢያው ነው። አንተ በጥሬው ኦክስ ላይ ስለሰካኸው ነው ቀጭንና ደካማ የሆነው።

አምፑ «ፎኖ» መግቢያ ካለው ማንሸራተቻውን ፎኖ ላይ ትተህ እዚያ ስካው። ከሌለው ማንሸራተቻውን ላይን ላይ አድርገህ ኦክስን ተጠቀም፤ ያኔ ማጫወቻው ውስጥ ያለው ማጉያ ሥራውን ይሠራል። ሁለቱን አታደራርብ፦ ላይን አድርገህ ፎኖ መግቢያ ላይ ብትሰካ ባሱ አብጦ ድምፁ ይሻክራል። ሲዲም ሆነ ስልክ ፎኖ ላይ አይሰካም። ስትቀያይር ቮልዩም ዜሮ ላይ ይሁን።

ለእምምታው፦ ከማጫወቻው ከሁለቱ መሰኪያዎች ጋር አብራ የምትወጣ ቀጭን ሽቦ ካለች አምፑ ላይ «ጂኤንዲ» (መሬት) የሚለው ብሎን ሥር ታሰራለች። ካሰርካት በኋላ ከባሰ ፍታት፤ ውስጡ ማጉያ ያለው አንዳንዱ ማጫወቻ አያስፈልገውም። አሁንም ከቀረ ማጫወቻውን ከአምፑ ትራንስፎርመር በኩል አርቀው፣ 30 ሴንቲሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የመሬት ጥርስ መቁረጥ ግን በፍጹም አይታሰብ፤ የአምፑ ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ የሚያድንህ እሱ ነው።

ማጫወቻውን ስፒከር የተቀመጠበት መደርደሪያ ላይም አታድርገው። ባሱ በእንጨቱ በኩል ወደ መርፌው ይመለስና ቮልዩም ሲጨምር ጉርምርምታ ይነሳል።

ቴሌቪዥኑ ቀላል ነው። ኦፕቲካሉን ወደ አናሎግ የሚለውጥ ዳክ የሚባል ትንሽ ሳጥን ግዛና ወደ ኦክስ ስካው። የቴሌቪዥኑን የዲጂታል ድምፅ መውጫ «ፒሲኤም» ላይ ማድረግ እንዳትረሳ፤ ዶልቢ ላይ ከተተወ ርካሹ ዳክ ወይ ዝም ይላል ወይ ይንሿሿል። ኦፕቲካል የሚሄደው በብርሃን ስለሆነ ከአንቴና በኩል የሚመጣ እምምታ አይሻገርበትም።

ካውያ

ግራው ቻናል ዝቅ ሲል ጠፍቶ ከፍ ሲል ባንዴ ከተመለሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፕሮቴክሽን ሪሌውን ነው። ኮንታክቱ ላይ የዝገት ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ትንሽ ቮልቴጅ አይሻገረውም፣ ትልቁ ሰብሮት ያልፋል። ቢሆንም ከመክፈትህ በፊት አንድ ባንድ እየለወጥክ ለይ። የምታላቅቀው ሁሉ አምፑ ጠፍቶ ነው።

የግራና የቀኝ ስፒከር ሽቦውን አምፑ ላይ አቀያይር። ችግሩ ወደ ቀኝ ስፒከር ከሄደ ስፒከሩና ሽቦው ነጻ ናቸው። ቀጥሎ መግቢያ ላይ የግራና የቀኙን መሰኪያ አቀያይር፤ ችግሩ ቦታ ከለወጠ ጥፋቱ የማጫወቻው ወይም የኬብሉ ነው፣ ካልለወጠ የአምፑ። ከዚያ ስፒከሩን ወደ ቢ አዛውር። ቢ ላይ ደህና ከሆነ የኤ ማብሪያ ኮንታክት ነው፤ አምፑን አጥፍተህ ማብሪያውን 30 ጊዜ ያህል ጫን ልቀቅ ብታደርገው ብዙ ጊዜ ይነቃል። በብዙ አምፕ ሪሌው ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ቢም ላይ ያው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሪሌው ያመዝናል። ቁልፉን ስታዞር ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን የቮልዩም ፖቴንሺዮሜትሩ (ቁልፉ የሚያዞረው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ቆሽሿል፤ ለፖቴንሺዮሜትር የሚሆን፣ ቅባት ያለው ኮንታክት ማጽጃ ረጭተህ ከዳር ዳር ደጋግመህ አዙረው።

«ቴፕ ሞኒተር» የሚል ቁልፍ ካለው አለመጫኑን እግረ መንገድህን እይ። በተጫነበት አምፕ ምንም ብትሰካ ድምፅ የለም፤ ስንቱ ጤነኛ አምፕ በዚህ ተፈትቷል።

ባለ ሸክላው

እጅግ አመሰግናለሁ። ሽቦ ሲቀያየር ችግሩ ወደ ቀኝ ስፒከር ሄደ፣ የመግቢያው መሰኪያ ሲቀያየር ግን ቦታ አልለወጠም። ኤ እና ቢ ላይ አንድ ነው። ፎኖ መግቢያ ላይ ሸክላው አሁን ሙሉ ድምፅ አለው፣ የመሬት ሽቦዋ ስትታሰር እምምታው ጠፋ። ሪሌውን አውጥቼ ኮንታክቱን በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገውስ?

ካውያ

አትፈትገው። ኮንታክቱ ላይ ያለውን ስስ ልባጥ ያነሳዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ብሶ ይመለሳል። ሪሌው ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቀይረው።

ከሶኬት ነቅለህ ትንሽ ጠብቅ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ግን ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይይዛሉ። 1 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ይዘህ በየካፓሲተሩ ሁለት እግር ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አቆይና ከ1 ቮልት በታች መውረዱን በቴስተር አረጋግጥ። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ቦርዱንም ይጎዳል።

ሪሌው ላይ የተጻፈውን አንብብ፦ ኮንታክቱን የሚስበው ጥቅል፣ የኮይሉ፣ ቮልቴጅ (ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ዲሲ ነው፣ ግን ያንተን እይ)፣ የኮንታክቱ አምፒር፣ ሁለት ኮንታክት ያለው መሆኑ። አዲሱ ኮይሉ አንድ ዓይነት፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የእግሮቹም አቀማመጥ ገጣሚ ይሁን። አሮጌውን ሊድ በመምጠጫ አንሳ፤ እግሩን አስገድደህ አትሳብ፣ የቦርዱን መዳብ ይነቅላል። አዲሱን ስትበይድ ለያንዳንዱ እግር 3 ሰከንድ ይበቃል።

ስፒከር ሳታስር፣ ቮልዩም ዜሮ ላይ አድርገህ አብራው። ሪሌው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» ይላል። 5 ደቂቃ ጠብቅና ቴስተሩን በዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገህ የእያንዳንዱን ቻናል ፕላስና ማይነስ ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከርህን እሰር። ከ100 ካለፈ ስፒከር ሳታስር ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን፣ የቦርዱንም ፎቶ አክልበት።

ዋት ቆጣሪ

ሲያልቅ ከአምፑ ጣራ በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ተው፣ ዳኩንም አናቱ ላይ አታስቀምጥ። ስታበራ ማጫወቻውና ዳኩ ይቅደሙ፣ አምፑ ይከተል፤ ስታጠፋ አምፑ ይቅደም።