አደባባይ ላይ ቅድሚያው የማን ነው? ከወንድሜ ጋር መግባባት አቅቶናል

የልጅ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ በስድስት ኪሎ፣ በየካቲት 12 ሐውልት አደባባይ በኩል አልፋለሁ። እንደተማርኩት ቆሜ የሚዞሩትን አሳልፋለሁ፤ ከኋላዬ ግን ክላክሱ ጆሮ አያሰማም። ማክሰኞ ዕለት አንድ የሚኒባስ ሾፌር አጠገቤ ደርሶ «ቅድሚያው ያንቺ ነው፣ ምን አስቆመሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ልጄ ከኋላ ወንበር «እማ፣ አጥፍተሽ ነው?» ስትለኝ ድንግጥ አልኩ።

ማታ ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ሃያ ዓመት ሲነዳ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። እሱም «ከቀኝ ለሚገባው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። መሥሪያ ቤት አራት ሰው ጠየቅኩ፦ ሁለቱ እንደ እኔ፣ አንዱ እንደ ወንድሜ፣ አንዷ «ቀድሞ ላስገባ ነው» አለችኝ። አራቱም መንጃ ፈቃድ አላቸው! እኔ ነኝ ተሳስቼ የተማርኩት?

አሰልጣኙ፦
እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። በቀኝ ስለምንነዳ አደባባይ ውስጥ ያለው መኪና የሚመጣው በግራሽ በኩል ነው፤ እሱን ማሳለፍ አለብሽ። ለወንድምሽ ክብ ሥለሽ አሳዪው። የሚዞረው ለሚገባው ሁሉ ከቆመ መውጫው ይዘጋል፤ የሚወጣ ከሌለ ደግሞ የሚገባም የለም፣ አደባባዩ ይቆለፋል። ተማሪዎቼ ሕጉን ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ፣ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ለምን እንደሆነ ያልገባውን ሰው ክላክስ በሁለት ሳምንት ያስረሳዋል። ስትወጪ የቀኝ ፍሬቻ ማሳየትም አትርሺ፤ አለዚያ የሚጠብቅሽ ሰው መውጣትሽን በምን ይወቅ?

የሚኒባስ ሾፌር፦
አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። መንገዱን የተማርኩት ረዳት ሳለሁ ከሾፌሬ ነው፣ እሱ ያደረገውን ሁሉ ሕግ ነው ብዬ ያዝኩ። ዜብራ ላይ ሰው ሲያይ ክላክስ ያደርግ ነበር፣ እኔም እንደዚያው። አንድ ቀን አንዲት እናት በክላክሴ ደንግጠው ዜብራው መሃል ወደቁ። አልነካኋቸውም፣ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አሉ። ከዚያ ወዲህ እቆማለሁ። ከኋላ የሚጮህ ይጩህ። አንቺም በርቺ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እዚህ ቨርጂኒያ በአራቱም አቅጣጫ ስቶፕ ባለበት መስቀለኛ መንገድ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኩል ከደረሱ በቀኝ ላለው ይለቀቃል። አደባባይ ላይ ግን እዚህም ቅድሚያው ውስጥ ላለው ነው። ወንድምሽ «ቀኝ» የሚለውን ከሌላ ቦታ አምጥቶት ይሆናል።

የልጅ እናት፦
አመሰግናለሁ። አሰልጣኝ፣ ቡና ላይ ረከቦቱን አደባባይ፣ ስኒዎቹን መኪና አድርጌ አሳየሁት። ስድስተኛዋ ስኒ ላይ ራሱ «ተቆለፈ» አለ። ቀጥሎ ግን «እኔ ብቆም ከኋላዬ ያለው ይታገሠኛል?» አለኝ፣ ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ቆምኩ። ልጄ የሚዞሩትን መኪኖች ጮክ ብላ ቆጠረችልኝ። ሰባት ካለፉ በኋላ ገባን።