ጥቆማ፦ በ45 ሺህ ብር ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃ ከየት ይገዛል?

አዲስ ሠሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ፤ አውቶካድና ስኬችአፕ የተባሉትን የንድፍ ፕሮግራሞች የሚያሠራልኝ ኮምፒውተር ራሴ ለመገጣጠም አስቤያለሁ። ሞኒተርና ኪቦርድ አለኝ፤ ለቀረው 45 ሺህ ብር ይዣለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ያገለገለ ዕቃም አልጠላም። መገናኛ ይሻላል፣ ቦሌ ወይስ መርካቶ? በቅርብ ጊዜ የገዛችሁ ጠቁሙኝ።

ቀጭን ሽቦ
ላፕቶፕ ግዛ። መብራት ሲጠፋ ታመሰግነኛለህ።

አዲስ ሠሪ
ላፕቶፕማ አለኝ። ሬንደር፣ ማለትም ንድፉን ወደ ምስል መለወጥ፣ ሳስጀምረው እንደ ምጣድ ይግላል። ጥያቄዬ ዕቃው የት ይገኛል ነው።

የመገናኛው
ሌላ ቦታ አትድከም። መገናኛ ደንበኛዬ ዘንድ ሂድ፤ ዘመድ አዝማዴ ሁሉ የሚገዛው ከእርሱ ነው። ሻይ ሳይጋብዝ አይሸኝህም። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።

ከእንግዲህ ወዲያ
እኔንም ጉድ የሠራኝ ሻይ የጋበዘኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ምስል የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ነበር የገዛሁት፤ ካርቶኑ ላይ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ» የሚል ታትሟል። ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ ሲከፈት ዊንዶውስም ያንኑ ስም አሳየ። ቤት ወስጄ ጨዋታ ስከፍት ግን ስክሪኑ ይጠቁራል። መጀመሪያ ገመዱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ባለሙያ ዘንድ ወስጄው ጂፒዩ ዜድ በሚባለው ፕሮግራም ሲያየው፣ ውስጡ ያለው በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ጂቲኤስ 450 ሆኖ ተገኘ! ስሙን በሶፍትዌር ቀይረው ነው የሸጡልኝ። ይዤው ስመለስ ልጁ አንድም ቃል ሳይናገር ደረሰኜን ተቀብሎ ገለበጠና በጣቱ አሳየኝ፤ በደብዛዛ ማኅተም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ደግሞ መጥቶ ሻይ ይለኛል።

የመገናኛው
ደንበኛዬ እንዲህ ዓይነት ሥራ አይሠራም።

ከእንግዲህ ወዲያ
በጽሑፍ ዋስትና ይሰጣል?

የመገናኛው
ቃሉ ይበቃኛል። ከእርሱ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ጊዜ ሌላ በግማሽ ዋጋ ሰጥቶኛል።

ዝምተኛው
ሁለተኛውም ሲበላሽ በሩብ ዋጋ ይሆንልሃላ፤ መታደል ነው። እስካሁን ያገኘነው ስሙን የማይጠራ ከሳሽና አድራሻውን የማይናገር አመስጋኝ ነው። ጠያቂው በዚህ መረጃ መርካቶን ሲዞር ይመረቃል።

የልጆች አባት
ይቅርታ፣ ጥያቄውን ላቋርጥ። ወንድሜ ከአሜሪካ ለልጄ የላከውን ኮምፒውተር ሶኬት ላይ ስንሰካው ጧ አለና ጭስ ወጣው። ጠጋኝ የምታውቁ አላችሁ?

የማታ ጥገና
ጋሼ፣ ከኋላው ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ካለ ይዩት። 115 ላይ ከሆነ ነገሩ ታወቀ፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ስለሆነ እርሱን ያስቀይሩና ይሞክሩት። ከዚያ በፊት ማሽኑን በርካሽ ለማንም አይስጡ።

ወደ ተማሪው ልመለስ። በዚህ ገንዘብ ሁሉንም አዲስ ልግዛ ካልክ አይበቃህም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ዋጋ ብታገኝ እርሳው፤ በዚያ ላይ በፈረንጆች 2025 ማብቂያ ራም በዓለም ገበያ ተወዷል። እኔ ብሆን ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቼ ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ። ቀጭኑን ሳይሆን ትልቁን ኬዝ ምረጥ፤ ቀጭኑ የሚቀበለው አጭር ካርድ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ከሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላል። 6ኛው ይረክሳል፤ ነገር ግን 11ን በይፋ ስለማይቀበል በዊንዶውስ 10 ትቀራለህ፤ የእርሱ መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል።

በካርዱ ላይ ተጠንቀቅ። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አቅሙ ትንሽ ነው፤ የብዙዎቹ ዴሎች መሰኪያ ደግሞ ከተለመደው ስለሚለይ ሌላ ገዝተህ እንዲሁ አትሰካበትም። ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ፈልግ። ጂቲኤክስ 1650 ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ዓይነት አለው። ስትሄድ ጂፒዩ ዜድንና ክሪስታልዲስክኢንፎን በፍላሽ ያዝ፤ አንዱ የካርዱን ማንነት፣ ሌላው ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳይሃል። «አይከፈትም» ካሉህ ውጣ። ካርዱ 1050 ቲአይ ተብሎ ከጀርባው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ (የድሮ ሞኒተር ገመድ የሚሰካበት) ካለው ደግሞ ሐሰተኛ ነው፤ ፕሮግራሙን መክፈትም አያስፈልግህም።

ከእንግዲህ ወዲያ
የእኔ ካርድ ሰማያዊ ቀዳዳ ነበረው። ሌቦች!

አዲስ ሠሪ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ሱቅ አዲስ ኮር አይ 3 12100 ኤፍ ከነማዘርቦርዱ ልስጥህ፣ ካርዱን ቀስ ብለህ ትገዛለህ ብሎኛል። ምን ትላላችሁ?

የማታ ጥገና
መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ እስክትገዛ ድረስ ጥቁር ስክሪን ታፈጥጣለህ። ካርዱን ለማቆየት ካሰብክ ራይዘን 5 5600 ጂን ጠይቅ፤ እርሱ ያለ ካርድም ምስል ያወጣልሃል።

ከዱባይ
ዱባይ ዘመድ ካለው ምን አስጨነቀው? ቡር ዱባይ አል አይን ሴንተር ገብቶ ያስገዛ። ራም፣ ኤስኤስዲና ፕሮሰሰር ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ግን አታሸክሙን፤ እነርሱን እዚያው ግዙ።

ቀጭን ሽቦ
ዘመድ አለኝ ያለ ማን ነው?

ዝምተኛው
የመገናኛው አለው። ዘመድ አዝማዱ በሙሉ አንድ ሱቅ ነው የሚገዛው።

የመገናኛው
ትቀልዳላችሁ እንጂ ደንበኛዬ ዕቃውን ከዱባይ ራሱ ነው የሚያመጣው። ተማሪው፣ አድራሻውን ልኬልሃለሁ፤ የእኔን ስም ጥራ።

ቀጭን ሽቦ
ተማሪው፣ ገዛህ እንዴ? ምን ወሰንክ?

የልጆች አባት
የማታ ጥገና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቀየሪያው 115 ላይ ነበር። ወንድሜም ደውሎ ሳይነግረን።

ከእንግዲህ ወዲያ
ጋሼ፣ ማሽኑን የማያሠሩት ከሆነ ራሙን ይሸጡልኛል? ዓይነቱ ዲዲአር 3 ነው ወይስ 4?

የልጆች አባት
እሱን ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይንገርህ። ዋጋውን ግን ከእኔ ጋር ነው የምትነጋገረው።