ያገለገለ ሃይሉክስ፦ የድሮውን 5ኤል ልግዛ ወይስ ቪጎውን?

የሰንጋ ተራው ባለወርክሾፕ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሰንጋ ተራ አካባቢ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የምሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። እስካሁን ዕቃ የማደርሰው በኪራይ መኪና ነበር፤ ኪራዩ የሥራውን ትርፍ እየበላው ስለመጣ ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት ወስኛለሁ። ደላሎች ሁለት ሃይሉክሶች አሳይተውኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. የ2000 ሞዴል ሲሆን 5ኤል የሚባለው፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር አለው። ሁለተኛው የ2008 ሞዴል ቪጎ ነው፤ ሞተሩ 2.5 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ነው። የዋጋቸው ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቪጎው 186,000 ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ዳሽቦርዱ ያሳያል፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ግን ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። በቀጠሮው ሰዓት ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ ባለቤቱም «አሁን ከቤት ነድቼው መምጣቴ ነው» አለኝ። የዘወትር ጉዞዬ በሜክሲኮና በፒያሳ መካከል ነው፤ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ግን መስታወት ጭኜ የእንጦጦን ዳገት በመውጣት ወደ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ከግዢው በኋላ ብዙ ወጪ የሚያስወጣኝ የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ናፍጣ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሞቆ የጠበቀዎትን ሞተር እንዳላዩት ይቁጠሩት። የናፍጣ ሞተር ጉድለቱን የሚናገረው አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት ነው፤ ከሞቀ በኋላ የደከመውም ደህና መስሎ ይሠራል። ኪሎ ሜትሩንም ይርሱት፣ መኪናው ከዚያ በላይ እንደተነዳ የተላጠው ፔዳል ነግሮዎታል።

5ኤል ቀላል ሞተር ነው። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ በሜካኒክ የሚሠራ ስለሆነ ኮምፒውተር የሌለው ጋራዥም ይጠግነዋል፤ መለዋወጫ ዕቃውም ከተክለ ሃይማኖት እስከ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ድክመቱ ሙቀት ነው። ውሃ ጎድሎበት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከሞቀ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል፣ አለዚያም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ውሃ በክፍት ድስት ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ያን ርካሽ ክዳን ሳይቀይር፣ በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ እየሞላ፣ ቴስታታ ያሠራል። አየሩም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር እንጦጦን በጭነት ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ በሁለተኛ ማርሽ መጎተቱ አይቀርም።

ቪጎው ዳገቱን በቀላሉ ይወጣል፤ ችግሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ኮመን ሬይል የሚባለው ዓይነት ነው፤ በእንዲህ ያለው ሞተር ውስጥ ናፍጣው ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት ስለሚረጭ፣ በጀሪካን የተገዛና ውሃ የገባበት ናፍጣ ፖምፓውንም ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችንም ያበላሻል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ናት። እርስዋ ማስተንፈስ ስትጀምር የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱም እንደ ሬንጅ ይወፍርና ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ያን ጊዜ በዘይት መለኪያው ላይ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ እየታየ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። እኔ ብሆን የታችኛውን የዘይት መያዣ አስፈትቼ ወንፊቱን ሳላይ ገንዘቤን አልሰጥም።

የታይሚንግ ችንጋውም (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያጣጥመው ቀበቶ) አይረሳ። የ5ኤሉ በየ100,000፣ የቪጎው በየ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። በቪጎው ዳሽቦርድ ላይ የቲ-ቤልት መብራት አለመብራቱ ችንጋው ለመቀየሩ ማስረጃ አይሆንም፤ መብራቱን ችንጋው ሳይነካ ማጥፋት ይቻላል።

የልደታው አሽከርካሪ፦

መካኒኩ ስለ ወንፊቱ የተናገሩት በእኔው ቪጎ ላይ የደረሰ ነው። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ ጋራዥ ኢንጀክተሮቹን አውጥቶ ሲመልስ አሮጌዎቹን ሮንዴላዎች መልሶ ገጠማቸው። ስምንት ወር ያህል ከነዳሁ በኋላ የዘይት መብራቱ በቀዝቃዛ ጠዋት ለአፍታ እየበራ መጥፋት ጀመረ፤ እኔም የገመድ ችግር ነው ብዬ ናቅሁት። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ የራሴ ነው። ሞተሩ ወርዶ፣ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ተሞርዶ፣ ዘንጉ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ተቀይረው ሲያልቅ የከፈልኩት ገንዘብ አራት አዳዲስ ኢንጀክተር ይገዛልኝ ነበር።

ሆኖም አልሸጥኩትም። በከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር ወደ 9፣ በአገር አቋራጭ መንገድ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሄድልኛል፤ ዘይቱን ደግሞ 7 ሊትር ያህል እየሞላሁ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ከሁሉም በላይ የምማረርበት ፍሪሲዮኑ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሹፌር ከቀጠሩ ዲስኩን ቶሎ ቶሎ መቀየርዎ አይቀርም። መስታወት ስለሚጭኑም ከካቢናው በስተኋላ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት እንዳለ፣ ባሌስትራውም በአንድ ጎን እንዳላዘመመ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ብየዳ ካገኙ ሌላውን ማየት አያስፈልግዎትም።

ወረቀት ጠባቂ፦

ስለ ሞተሩ በቂ ስለተባለ እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ፒካፕ ከቤት መኪና ይልቅ ከቀረጥ ነፃ በሆነ መብት የገባበት አጋጣሚ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና መብቱ የሌለው ሰው ሲገዛው ያልተከፈለው ቀረጥ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የጉምሩክ ሁኔታውንና የባንክ እገዳ አለመኖሩን ሊብሬው በተመዘገበበት ቦታ ያጣሩ። የሻንሲውን ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ራስዎ ያስተያዩ፤ ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው ካላዩት አይቁጠሩት። ዓመታዊው ምርመራና ቦሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን፣ የስም ማዘዋወሪያውም ወጪ በበጀትዎ ይግቡ። እኔ ያገለገለ መኪና ስገዛ ከመግዣው ዋጋ አምስተኛውን ያህል ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀምጣለሁ፤ እስካሁን ተርፎኝ አያውቅም።

የሰንጋ ተራው ባለወርክሾፕ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ሳልደውል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቪጎው ባለቤት ደጅ ደረስኩ። የሞተሩን ኮፈን በመዳፌ ስነካው ቀዝቃዛ ነበር። ሲነሣ አንድ ደቂቃ ያህል እያንኳኳ ነጭ ጭስ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ባለፈው እንዳየሁት ጸጥ አለ። የዘይት መያዣው እንዲፈታ ስጠይቅ ባለቤቱ ወጪውን እኔ ከሸፈንኩ እንደማይቃወም ነገረኝ። መያዣው ሲወርድ የፈታው መካኒክ የመያዣውን ወለል በጣቱ ጠረገው፤ በጣቱ ላይ የቀረው እንደ ጫማ ቀለም የወፈረ ጥቁር ነገር ነበር። ወንፊቱ ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። ባለቤቱም እንደኔው ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣና ዋጋውን ዓርብ ዕለት እንደገና እንነጋገር አለኝ። እስከዚያ 5ኤሉን ነገ ጠዋት ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ።

ናፍጣ መካኒክ፦

መልካም አድርገዋል። የ5ኤሉን የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሳይነሣ፣ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ይክፈቱት፤ ከሞቀ በኋላ ፈጽሞ እንዳይነኩት። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም ሞተሩ እንደተነሣ አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ቴስታታው ተነክቷልና ዓርብ ከቪጎው ባለቤት ጋር የሚነጋገሩት ሌላ አማራጭ እንዳለዎት ሆነው አይደለም። ቪጎውን የሚወስዱ ከሆነ የአራቱን ኢንጀክተሮች ፍተሻ፣ የአዳዲስ ሮንዴላዎችንና የወንፊቱን እጥበት ዋጋ በጽሑፍ አስገምተው ይዘው ይቅረቡ።