ፊልሙን መቁረጥ አቃተን፣ እርዱን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምንማር አምስት ተማሪዎች ነን። ወጣቱ ከመንግሥት ሥራ ሌላ ምን አማራጭ አለው የሚል ዘጋቢ ፊልም ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየሠራን ነው። ካሜራ የለንም፤ በስልክ ነው የምንቀርጸው። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ዶሮ ታረባለች፣ ሌላው መራዊ አጎቱ ዘንድ ሄዶ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት ያመርታል።

9 ሰዓት ቀረጻ እንዴት 20 ደቂቃ ይሆናል? ሁሉም «የእኔ እንዳይቆረጥ» ይላል። የጋራ ነው ያልነው እኛው ነን፣ ምን እንበል!

የባሰው ደግሞ ዶሮ የምታረባዋ ልጅ አባት «ዲግሪ ይዛ ዶሮ ጠባቂ ስትባል አልሰማም» ብለው ከለከሉ። እሷ ግን መታየት ትፈልጋለች። ምርጡ ቃለ መጠይቅም የእሷ ነው። አባትየውን ሽማግሌ ልከን እንለምን ወይስ ድምፅዋን ብቻ እንጠቀም?