ለአንድ ነጥብ ቅርብ የሆኑትን ሁለት የፖሊጎን (የባለ ብዙ ጎን ቅርጽ) ማዕዘኖች እንዴት ላግኝ? አስቸኳይ!

ጠያቂ፦ ሥራውን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፤ ፕሮግራሙ ግን ቅርጹን እያበላሸብኝ ነው። ተጠቃሚው በማውስ የተጫነበት ቦታ ላይ አዲስ ማዕዘን መጨመር አለበት። ቅርብ የሆኑትን ሁለት ማዕዘኖች ፈልጌ አዲሱን በመካከላቸው አስገባለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ። ሁለቱም ማዕዘኖች አንድ ዓይነት ሆነው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። እባካችሁ ድረሱልኝ!

አባል ሀ፦ ርቀት ለማወዳደር ስኩዌር ሩት አያስፈልግም። የአግድሙንና የቁሙን ልዩነት እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተህ ደምር፤ ትንሹ ድምር ያለው ነው ቅርቡ።

አባል ለ፦ ከሁሉ በፊት መሠረቱን መያዝ ይገባል። ነጥብን አንድ በአንድ መፈተሽ ብክነት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ቤንትሊ በ1975 ያቀረበው ኬ-ዲ ዛፍ የተባለ የመረጃ ማደራጃ ዘዴ ነጥቦቹን አንዴ በአግድም፣ አንዴ በቁም እየከፈለ ስለሚያደራጅ ፍለጋው አብዛኞቹን ሳይነካ ያልፋል። ይህን ሳያጠኑ ወደ ኮድ መሮጥ ልማድ ሆኗል፤ ያሳዝናል።

ጠያቂ፦ ያሉት 12 ማዕዘኖች ናቸው። ችግሬ ፍጥነት አይደለም!

አባል ሐ፦ ለ12 ነጥብ ዛፍ ይተከላል እንዴ? ጥላው ሳይደርስ ነገ ይነጋል። ስኩዌር ሩቱን ብቻ ተወው።

አባል መ፦ የስኩዌር ሩቱ ነገር ተብሏል፤ መጠላለፉንም አያስቀረውም። ወንድሜ፣ የሚያስፈልግህ ቅርብ ማዕዘን ሳይሆን ቅርብ ጎን ነው። ማዕዘኖቹ (0፣0)፣ (100፣0)፣ (100፣10) እና (0፣10) የሆኑ ረጅም ሬክታንግል ውሰድ። ተጠቃሚው (5፣−1) ላይ ቢጫን ከታችኛው ጎን ሥር ነው ያለው። ቅርብ ማዕዘኖቹ ግን (0፣0) እና (0፣10) ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ጎን ግራው ነው። አዲሱን ነጥብ እዚያ ስታስገባ መስመሩ የታችኛውን ጎን ያቋርጣል።

ስለዚህ በየጎኑ ዙር። ከጎኑ መነሻ እስከ ተጫነው ነጥብ ያለውን ቬክተር (የአግድምና የቁም ልዩነት) በጎኑ ቬክተር በዶት ፕሮዳክት አባዛ፣ ማለትም አግድሙን በአግድም፣ ቁሙን በቁም አባዝተህ ደምር፤ ውጤቱን ለጎኑ ርዝመት ስኩዌር አካፍል። ከ0 ካነሰ 0፣ ከ1 ከበለጠ 1 አድርገው። ይህ ቁጥር ቅርቡ ነጥብ ከጎኑ መነሻ የጎኑን ርዝመት ስንት እጅ እንደራቀ ይነግርሃል፤ ከዚያ ነጥብ ያለው ርቀት ትንሹ የሆነው ጎን ያሸንፋል። ለታችኛው ጎን 500 ለ10000 ሲካፈል 0.05 ይሆናል፤ በጎኑ ላይ ያለው ቅርብ ነጥብ (5፣0)፣ የርቀቱ ስኩዌር 1 ነው። ለግራው 26 ይመጣል። ታችኛው አሸነፈ።

አባል ለ፦ እኔ የመለስኩት የተጠየቀውን ነው። ጥያቄው ማዕዘን ይላል።

አባል ሠ፦ አንድ ዓይነት ሆነው የሚመጡት ደግሞ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ነጥብ ስለተደገመ ይመስለኛል። ጂኦጄሰን (የካርታ ቅርጾች የሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት) ፖሊጎንን የሚዘጋው እንዲህ ነው። ከፋይል ነው የምታነበው?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ከጂኦጄሰን!

አባል ሠ፦ እንግዲያው ስታነብ የመጨረሻውን ጣለው፤ ስታስቀምጥ መልሰህ ጨምረው። ካልጣልከው፣ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ስታገናኝ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ጎን ይፈጠርና የአባል መ ቀመር ለዜሮ ያካፍላል።

አባል መ፦ ትክክል። አዲሱን ነጥብ ከአሸናፊው ጎን መነሻ ቀጥሎ አስገባው። ያሸነፈው የመጨረሻውን ማዕዘን ከመጀመሪያው የሚያገናኘው ጎን ከሆነ ግን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ጨምረው።